የፖሊመር ሰንሰለት እንዴት ያድጋል? በአግራፍ፣ በሳንቲምና በሱፐር ግሉ ደረጃ በደረጃ

ሱፐር ግሉ ጣቱን አጣብቆት የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ ባለፈው የመነጽሬን ዘንግ ልጠግን ብዬ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አንድ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ቱቦው ውስጥ ለወራት እንደ ውሃ ሲላወስ የኖረ ፈሳሽ ቆዳዬን በነካ በጥቂት ሰከንድ ድርቅ አለ። በሁለቱ ጣቶቼ መሀል ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰንሰለቶች ተወለዱ፣ አደጉ፣ አበቃላቸው።

ብዙዎቻችን "ፖሊመራይዜሽን" የሚለውን ቃል፣ ትናንሽ ሞለኪዩሎች ተያይዘው ፖሊመር የሚባል ረጅም ሰንሰለት የሚሆኑበትን ሂደት ስም፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በእንግሊዝኛ ሸምድደን አልፈነዋል። ፈተናውም ላይ መልሰናል። ሰንሰለቱ ሲያድግ ምን እንደሚመስል ግን ዓይናችን ላይ አልተሳለም። አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሰንሰለቶቹ ሁሉ እንደ በቆሎ ማሳ አብረው ተነስተው፣ አብረው ቀስ በቀስ ሲረዝሙ ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የፌስታል ሰንሰለት ግን እንደዚያ አያድግም። የሃይላንድ ጠርሙስ ሰንሰለትም እንደዚያ አያድግም። ሁለቱ ደግሞ እርስ በእርስ አይመሳሰሉም። ልዩነቱን በእጃችሁ እየሠራችሁ እንድታዩት ነው ይህን የጻፍኩት።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። መቶ አግራፍ፣ ሰፌድ ወይም ትሪ፣ ሦስት ሳንቲም፣ ቀይ ክር፣ ወረቀትና እርሳስ፣ የስልክ ካልኩሌተር። ለአንዷ ሙከራ ደግሞ አንድ ቱቦ ሱፐር ግሉ፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ እና የማትፈልጉት የሸክላ ወይም የብርጭቆ ስባሪ። አንድ ከሰዓት ይበቃችኋል። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በፈረንጆቹ ነው።

ደረጃ 1፦ አንዷን ቀለበት እወቋት

ወረቀት ላይ ሁለት ካርቦን ጎን ለጎን ጻፉ። በመሀላቸው ሁለት መስመር አስምሩ። በእያንዳንዱ ካርቦን ላይ ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ስቀሉ። ይህች ኤቲሊን ናት። ሞለኪዩላዊ ክብደቷ 28 ነው። ጋዝ ናት፤ ፌስታልና ጀሪካን የሚሠራው ከእሷ ነው።

ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ጠንካራ ነው። ሁለተኛው ልል ነው፣ ከተነካካ ይከፈታል። አሁን ልሉን መስመር በላጲስ አጥፉት። እያንዳንዱ ካርቦን አንድ ባዶ እጅ ቀረው። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። እንዲህ ሁለት እጅ ማውጣት የምትችል ትንሽ ሞለኪዩል ሞኖመር ትባላለች። አግራፏም እንደዚያው ናት፤ በሁለት ጫፏ ሌላ አግራፍ ትይዛለች።

ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር በ1920 "ጎማና ፕላስቲክ ማለት በጠንካራ ትስስር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው" ብሎ ሲጽፍ ግን ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ትናንሽ ሞለኪዩሎች ተጠጋግተው ተከማችተው ነው እንጂ ያን ያህል ትልቅ ሞለኪዩል የለም ይሉ ነበር። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1953 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠበቀ።

ደረጃ 2፦ የሚያስጀምር ፈልጉ

ሞኖመር ብቻዋን ስትቀመጥ ዝም ትላለች። ልሉን ትስስር የሚከፍት አንድ ተንኳሽ ያስፈልጋል። እሱን አስጀማሪ እንበለው። በፋብሪካ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ፔሮክሳይድ የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ሲሞቁ መሀላቸው ላይ ይበጠሳሉ። እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። ይህ ግማሽ ራዲካል ይባላል። ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ዕረፍት የለውም፤ ያገኘውን ይይዛል።

የፖሊኤቲሊን ታሪክ እዚህ ላይ ደስ ይላል። በ1933 እንግሊዝ ውስጥ፣ ዊኒንግተን በሚገኘው አይሲአይ የተባለ የኬሚካል ኩባንያ ላቦራቶሪ፣ ኤሪክ ፋውሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ኤቲሊንን ከሌላ ውህድ ጋር ከአንድ ሺህ ከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት አመቁት። የጠበቁት ነገር አልመጣም። ዕቃው ውስጥ ግን ሰም የመሰለ ነጭ ጠጣር አገኙ። ሲደግሙት አንዴ ይሆናል፣ አንዴ አይሆንም፣ አንዴም ፈነዳባቸው። በ1935 መጨረሻ ማይክል ፔሪንና ባልደረቦቹ እንደገና ሞከሩት። ዕቃው ስለሚያፈስ ተጨማሪ ኤቲሊን ጨመሩበት፤ ያ ኤቲሊን ውስጥ ደግሞ ጥቂት ኦክስጅን ነበረ። አስጀማሪው ያ ነበር። ማንም አስቦ አልጨመረውም።

በእናንተ ሰፌድ ላይ አስጀማሪው ቀይ ክር ነው። አሥራ ሁለት ያህል አጫጭር ቁራጭ ቁረጡና ለብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ጨዋታ

መቶውን አግራፍ ሰፌዱ ላይ በትኑ። አንዱን አንሱና ቀይ ክር እሰሩበት። ሰንሰለቱ ተወለደ። አሁን ሌላ አግራፍ አያይዙበትና ሦስቱን ሳንቲም ወርውሩ። ሦስቱም ጎፈር ከወጣ ሰንሰለቱ ሞቷል፤ ዳር ላይ አስቀምጡትና በአዲስ ክር ሌላ ጀምሩ። አንዱም እንኳ ዘውድ ከሆነ ቀጥሉ፤ አግራፍ ጨምሩ፣ ወርውሩ፣ ጨምሩ፣ ወርውሩ።

መሀል ላይ፣ ሠላሳ አግራፍ ያህል ሲያልቅ፣ ቆም በሉና ሰፌዱን እዩት። ምን አለ? ሰባ ያህል ልቅ አግራፍ። ዳር ላይ ያለቀላቸው ጥቂት ሰንሰለቶች። በእጃችሁ አንድ በማደግ ላይ ያለ። በቃ። ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ አይደለም። ግማሽ ያደገ የሚባል ሕዝብ የለም።

የፌስታሉ፣ የፒቪሲ ቱቦው፣ የስታይሮፎሙ ሰንሰለት እንዲህ ነው የሚያድገው። ኬሚስቶች የሰንሰለት እድገት ይሉታል። ከመቶው ሞኖመር አንዱ እጅ ብቻ ባለቀበት ሰዓት ናሙና ብትወስዱ፣ ሙሉ ርዝመት ያላቸው ሰንሰለቶችና ብዙ ጥሬ ሞኖመር ታገኛላችሁ። ሰዓቱ ሲረዝም የሰንሰለቶቹ ቁጥር ይበዛል። አዲሶቹ ከቀደሙት ይረዝማሉ ማለት ግን አይደለም።

ጨዋታውን እስከ መጨረሻ ውሰዱት። አሥራ ሁለት ያህል ሰንሰለት ይወጣችኋል፤ አማካዩ ወደ ስምንት አግራፍ ይጠጋል። ምክንያቱም ሦስት ሳንቲም ሁሉም ጎፈር የመሆን ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው። አንዱ ሰንሰለት ሁለት አግራፍ ላይ ይቀጫል። ሌላው ሃያ ያልፋል። እኔ ስጫወት አንዱ ሠላሳ አንድ ደረሰ፣ ቀጥሎ የመጣው ወዲያው ሞተ። ይህ መጥፎ ዕድል አይደለም። ፖሊመር ማለት እንዲህ ነው፤ ርዝመቱ ይለያያል።

ደረጃ 4፦ ፍጥነቱን አስሉ

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ለስታይሮፎም የሚሆነውን ስታይሪን እንውሰድ። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ንጹሕ ስታይሪን ውስጥ፣ የእድገት ፍጥነት ቋሚው (ሰንሰለቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚይዝ የሚናገር ቁጥር) 340 ገደማ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 8.4 ሞል (ሞል የኬሚስቶች የሞለኪዩል መቁጠሪያ አሃድ ነው) ያህል ስታይሪን አለ። አባዙ፦ 340 × 8.4 = 2,856። አንድ በማደግ ላይ ያለ ሰንሰለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 2,850 ያህል ሞኖመር ይይዛል ማለት ነው።

ቁጥሩ ዝም ብሎ ካለፋችሁ ወደ አግራፍ መልሱት። አንዷ አግራፍ 3 ሴንቲሜትር ብትሆን፣ ሰንሰለታችሁ በሰከንድ ከ85 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። በሰዓት ከ300 ኪሎሜትር ያልፋል።

ዕድሜውስ? በተለመደ ሁኔታ አንድ ሰከንድ ገደማ። ሰንሰለቱ ይወለዳል፣ ሺዎችን ይይዛል፣ ይሞታል። ዕቃው ግን ለሰዓታት ይሠራል። ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዱ ሰንሰለት ግን ሰከንድ። ክብደቱን ከፈለጋችሁ የስታይሪን 104 ነው፤ 2,850 × 104 ወደ 296,000 ይመጣል።

ደረጃ 5፦ እንዴት እንደሚሞት ለዩ

ሳንቲሙ ሦስት ጎፈር ሲወጣ "ሞተ" ብለን አልፈናል። በእውነተኛው ዕቃ ውስጥ ሞቱ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለፋብሪካ ሰው ደግሞ ከእድገቱ ይልቅ የሚያሳስበው እሱ ነው።

አንደኛው ሁለት በማደግ ላይ ያሉ ጫፎች ሲገናኙ ነው። ሁለቱም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን አላቸው። ተያያዙ፣ ጥንድ ሆኑ፣ ተረጋጉ። በስታይሪን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ የሞተው ሰንሰለት የሁለቱ ድምር ርዝመት ይኖረዋል። በሌሎች ሞኖመሮች ደግሞ አንዱ ከሌላው ሃይድሮጅን ነጥቆ ሁለቱም ለየብቻ ያበቃሉ።

ሁለተኛው ዝውውር ነው። በማደግ ላይ ያለው ጫፍ ከአጠገቡ ካለ ሞለኪዩል ሃይድሮጅን ይነጥቃል። እሱ ያበቃለታል፣ የተነጠቀው ግን በተራው ይጀምራል። ፖሊኤቲሊን በከፍተኛ ግፊት ሲሠራ ጫፉ ተጠምዝዞ ከራሱ ጀርባ ላይ ይነጥቃል። ከዚያች ቦታ እድገቱ ሲቀጥል፣ የቀድሞው ጫፍ አጭር ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፍ የበዛበት ሰንሰለት እርስ በእርስ ተጠጋግቶ መደርደር ይቸግረዋል። ለስላሳውን፣ የሚለጠጠውን ፌስታል የሰጠን ይህ ነው። ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታልና ጀሪካኑ ግን ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ የሌለው ዓይነት ናቸው። ያንን በ1953 የፈለሰፈው ካርል ዚግለር ነው፤ በታይታኒየም ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሥራውን በሚያፋጥን ውህድ። እዚያ አዲሷ ሞኖመር የምትገባው በብረቱና በሰንሰለቱ መሀል ነው። ልክ እንደ ፀጉር፣ ከሥሩ ይገፋል እንጂ ጫፉ ላይ አይቀጠልም። በዓመቱ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ በዚሁ መንገድ ፖሊፕሮፒሊንን ሥርዓት አስያዘው። ጤፍና ከሰል የምንሞላበት ከረጢት፣ ያ "ማዳበሪያ" የምንለው፣ የሚሸመነው ከእሱ ነው።

ሦስተኛው ገዳይ ኦክስጅን ነው። ቅድም አስጀማሪ አላልከውም ወይ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በዚያ ሙቀትና ግፊት ያስጀምራል፤ በክፍል ሙቀት ግን ራዲካሉን ይይዝና ያዘገየዋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ጄል ጥፍር ያሠራች ሴት ይጠይቅ። መብራቱ ውስጥ ገብቶ የደረቀው ጄል ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ነገር ይቀረዋል፤ ባለሙያዋ በአልኮል ትጠርገዋለች። ከሥር ያለው ጠንክሯል። ላዩ ግን አየር ስለነካው ሰንሰለቶቹ በአጭሩ ተቀጭተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አደጋ ስላለው። ስታይሪን እየጠነከረ ሲሄድ ዕቃው ውስጥ ያለው እንደ ገንፎ ይወፍራል። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፣ ጫፍ ለጫፍ መገናኘት ይተዋሉ። ትናንሾቹ ሞኖመሮች ግን አሁንም ይሾልካሉ። ሞት ቀነሰ፣ ልደትና እድገት ቀጠለ። ፍጥነቱ በራሱ ይጨምራል። እያንዳንዱ መያያዝ ደግሞ ሙቀት ያወጣል፦ 104 ግራም ስታይሪን፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ፣ 70 ኪሎጁል ያህል። ይህ አንድ ሊትር ውሃን 17 ዲግሪ ያሞቃል። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሙቀቱን ይጨምራል። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ሞኖመሩን ውሃ ውስጥ በጥቃቅን ጠብታ በትነው የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል። ስታይሪን ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ በአግራፍ ተወሰኑ።

ደረጃ 6፦ ሱፐር ግሉውን በቅርብ እዩት

ቤት ውስጥ ልታዩት የምትችሉት እውነተኛ የሰንሰለት እድገት ይኸውላችሁ። ሱፐር ግሉ ሳይኖአክሪሌት የሚባል ሞኖመር ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ገና ያልተያያዘ ቀለበት ነው። ማጣበቂያውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

መስኮት ክፈቱ። መነጽር አድርጉ። የጥጥ ጓንት፣ ፎጣ ወይም ሶፍት አጠገቡ አታድርጉ፤ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በኃይል ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ልጆች ብቻቸውን አይሥሩት። የሸክላው ስባሪ ላይ ሁለት ትናንሽ ጠብታ አኑሩ፣ ተራርቀው። አንደኛዋን ተዉአት። በሁለተኛዋ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱና ፊታችሁን አርቁ።

ሶዳ የነካው ወዲያው ነጣ ብሎ ድንጋይ ይሆናል። ቀጭን ጭስ ሊታይ ይችላል፤ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ያልተነካችው ጠብታ ላዩዋ ትንሽ ጠነከር ይላል እንጂ ውስጧ ለረጅም ጊዜ ፈሳሽ ትሆናለች።

ምን ሆነ? እዚህ አስጀማሪው ራዲካል አይደለም። ውሃ ወይም ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት፣ ቆዳችን ላይ ያለው ወዝ ይበቃል። ሶዳ ደግሞ ቤዝ ስለሆነ በብዛት ያስጀምራል። የሰንሰለቱ ጫፍ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ያድጋል። ሁለት ኔጌቲቭ ጫፎች ደግሞ ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም፤ በደረጃ 5 ያየነው የመጀመሪያው ዓይነት ሞት እዚህ የለም። ለዚህ ነው እንዲህ የሚፈጥነው። አምራቾቹ ቱቦው ውስጥ ጥቂት አሲድ የሚጨምሩትም በዚህ ምክንያት ነው፦ ሳይታሰብ የተጀመረውን ወዲያው እንዲያጠፋ። "ብዙ ካደረግኩበት ይጠነክራል" የሚለው ሐሳብ ለምን እንደማይሠራም አያችሁ። ወፍራም ጠብታ ውስጥ እርጥበቱ አይደርስም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛው ጨዋታ፣ እንደ ሃይላንድ ጠርሙስ

ሰንሰለቶቹን ፍቱና መቶውን አግራፍ እንደገና በትኑ። ክሩም ሳንቲሙም አያስፈልግም። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሁለት ነገር አንሱ፤ ነጠላ ይሁን ሰንሰለት ግድ የለም። ጫፍ ለጫፍ አያይዟቸውና መልሳችሁ ጣሉ። እንደገና።

ሃምሳ ጊዜ ካያያዛችሁ በኋላ ቁጠሩ። መቶ ነጠላ ነበራችሁ። እያንዳንዱ ማያያዝ ቁጥሩን በአንድ ይቀንሳል። አሁን ሃምሳ ቁራጭ አለ፣ አማካዩ ሁለት። ሥራው ግማሽ ደርሷል፣ የያዛችሁት ግን ጥንድ ጥንድ ነገር ነው። ሰባ አምስት ላይ አማካዩ አራት። ዘጠና ላይ አሥር። ዘጠና አምስት ላይ ሃያ። ዘጠና ዘጠነኛው ላይ ድንገት መቶ።

ይህ የዋላስ ካሮዘርስ ቀመር ነው። አማካይ ርዝመት ማለት 1 ሲካፈል ለ(1 ሲቀነስ የተያያዘው ክፍል)። 0.9 ብታስገቡ 10፣ 0.99 ብታስገቡ 100፣ 0.995 ብታስገቡ 200። ካሮዘርስ ዱፖን በተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ በ1935 ናይሎንን የሠራ ቡድን መሪ ነው። ቀመሩን ግን አሁን እናንተም ሰፌድ ላይ አገኛችሁት።

ይህ የእርከን እድገት ይባላል። የሃይላንድ ጠርሙሱ ፔት እንዲህ ያድጋል። አንደኛው ሞኖመር በሁለት ጫፉ አሲድ ነው፣ ሌላው በሁለት ጫፉ አልኮል። ሲያያዙ ውሃ ይወጣል፤ በኋለኛው ምዕራፍ ደግሞ ግላይኮል። የወጣው ካልተወገደ ተመልሶ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ በ280 ዲግሪ ገደማ፣ አየሩ በፓምፕ እየተመጠጠ ይሠራል። ለጠርሙስ ለመብቃት ከመቶው ጫፍ ከዘጠና ዘጠኝ በላይ መያያዝ አለበት። ዘጠና ላይ ማቆም ማለት ምንም አለመሥራት ነው። ከተማሪዎች ጋር ሳወራ በጣም የሚገርማቸው ይህ ነው። "90 አገኘሁ" ማለት እኮ ለእኛ ጎበዝ ማለት ነው።

ዓይን መጨፈኑ ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ረጅሙ ሰንሰለት ጫፉ እንደ አጭሩ ጫፍ እኩል ንቁ ነው። ርዝመት አያሰንፈውም። ይህን ያስረዳው ፖል ፍሎሪ ነው፤ በ1974 ኖቤል ተሸልሟል።

ደረጃ 8፦ መጠኑን አታዛቡ

እዚህ ላይ ያለኝን ጥፋት ልናዘዝ። የድስት ክዳን ጉልላት ወልቆብኝ ሁለት ቱቦ ያለውን ኤፖክሲ ገዛሁ። "ማጠንከሪያው ቢበዛ ቶሎ ይጠነክራል" ብዬ ከማጠንከሪያው እጥፍ አደረግኩበት። በማግሥቱም ማስቲካ፣ በሳምንቱም ማስቲካ። ጉልላቱን ስይዘው ይዞኝ ይመጣል።

ምክንያቱ የእርከን እድገት ነው። ሁለት ዓይነት እጆች ሲያያዙ አንደኛው ከበዛ፣ መጨረሻ ላይ የሁሉም ሰንሰለት ጫፍ በበዛው ዓይነት ይሸፈናል። አንድ ዓይነት እጅ ደግሞ እርስ በእርሱ አይያያዝም። በስልካችሁ ሞክሩት፤ ያነሰው ለበዛው ሲካፈል 0.99 ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ቢያያዝ እንኳ አማካይ ርዝመቱ 1.99 ÷ 0.01 = 199 ነው። 0.95 ከሆነ 1.95 ÷ 0.05 = 39። አምስት በመቶ ስታዛቡ ከ199 ወደ 39 ወረዳችሁ። ኤፖክሲ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሳይሆን መረብ ስለሚሠራ ቁጥሩ በትክክል ይህ አይሆንም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እኩል ጨምቁ የሚለውን እኩል ጨምቁ።

ደረጃ 9፦ አማካዩ እንዳያታልላችሁ

ዘጠኝ ሰንሰለት አሥር አሥር አግራፍ፣ አንድ ደግሞ መቶ አሥር አግራፍ አላችሁ እንበል። ጠቅላላ ሁለት መቶ አግራፍ፣ አሥር ሰንሰለት፤ አማካዩ ሃያ። ግን ሃያ የሆነ አንድም ሰንሰለት የለም። አሁን በተቃራኒው ጠይቁ፦ በዘፈቀደ አንዲት አግራፍ ባነሳ፣ ያለችበት ሰንሰለት ምን ያህል ይረዝማል? (9 × 10 × 10 + 110 × 110) ÷ 200 = 65። የመጀመሪያው በቁጥር አማካይ፣ ሁለተኛው በክብደት አማካይ ይባላል። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ እንዴት እንደሚፈስ ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የሁለቱ ክፍፍል 3.25 የርዝመቱን መዘበራረቅ ያሳያል። ሁሉም እኩል ቢሆን 1 ይሆን ነበር። የራሳችሁን ሁለት ጨዋታዎች በዚህ አስሉት።

ደረጃ 10፦ የማይሞተው ሰንሰለት

የመጀመሪያውን ጨዋታ አንዴ ድገሙት፣ በአንድ ለውጥ። ሳንቲም የለም። አምስት አግራፍ ላይ ክር እሰሩና በየተራ ለአምስቱም አንድ አንድ እየጨመራችሁ ዙሩ። መቶው ሲያልቅ አምስት ሰንሰለት፣ ሁሉም ሃያ ሃያ። መጀመሪያ ላይ "ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ስህተት ነው" ያልኩት የበቆሎ ማሳ ይህ ነው። ስህተቱ ለፌስታልና ለጠርሙስ ነው እንጂ፣ ሆን ብለው ካደረጉት ይቻላል።

ኬሚስቱ ማይክል ሽቫርትስ በ1956 አሳይቶታል። አየርና እርጥበት ፈጽሞ በሌለበት ዕቃ ውስጥ፣ አረንጓዴ በሆነ የሶዲየም ናፍታሊን አስጀማሪ ላይ ስታይሪን ጨመረ። ቀለሙ ወደ ቀይ ተለወጠ። ቀዩ በማደግ ላይ ያሉት ጫፎች ቀለም ነው። ስታይሪኑ አለቀ፣ ቀዩ ግን አልጠፋም። እንደገና ስታይሪን ሲጨምር ሰንሰለቶቹ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሕያው ፖሊመር ብሎ ጠራቸው። እዚህ ርዝመቱ በቀላል ማካፈል ይወጣል፦ ለአንድ ሰንሰለት 500 ስታይሪን ከደረሰው፣ 500 × 104 = 52,000። ሞኖመሩ ሲያልቅ ሌላ ዓይነት ሞኖመር ብትጨምሩ፣ ከፊሉ አንድ ዓይነት ከፊሉ ሌላ የሆነ ሰንሰለት ታገኛላችሁ። ሰፌዱ ላይ ቀለም ያለው አግራፍ ካላችሁ ሞክሩት።

ጣታችሁ ከተጣበቀ

አትጎትቱ፤ ቆዳው ይላጣል። ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ንከሩትና በቀስታ እያሻሹ አላቁት። እምቢ ካለ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ጥቂት ጠብ አድርጉ፤ ዓይንና ከንፈር አካባቢ ግን በፍጹም። አሴቶኑ ሰንሰለቶቹን አይበጥሳቸውም። መሀላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል፣ ይለሰልሳሉ፣ ጣታችሁ ይላቀቃል። ከጣቴ ላይ በጠረግኩት በዚያ ነጭ ቅርፊት ውስጥ የሰንሰለቶቹ ርዝመት እንዳለ ነው።